ከአጥንት የወጣ ሕዋስ ወደ አጥንት መንገዱን እንዴት ያገኘዋል?

ጥያቄ፦ አሜሪካ የምትኖር ታናሽ እህቴ የደም ካንሰር አለባት። ተመርምሬ መቅኔዬ ከእሷ ጋር ገጥሟል። ሐኪሞቹ ግን አጥንቴን እንደማይበሱ፣ አምስት ቀን መርፌ ወግተው ከክንዴ ደም እንደሚወስዱ ነገሩኝ። መቅኔ ያለው አጥንት ውስጥ አይደለም እንዴ? ለእሷስ በደም ሥር ተሰጥቷት እንዴት አጥንቷ ውስጥ ይገባል?

መልስ፦ ሁለቱንም በአብዛኛው የሚፈታልዎት አንድ ፕሮቲን ነው። በመቅኔ ውስጥ ያሉ ደጋፊ ሕዋሳት ሲ-ኤክስ-ሲ-ኤል 12 የተባለ ፕሮቲን ያመነጫሉ። ደም የሚያመርተው ስቴም ሴል ደግሞ ይህን ፕሮቲን የሚይዝ ሲ-ኤክስ-ሲ-አር 4 የሚባል ተቀባይ በላዩ ላይ አለው። ሕዋሱ ፕሮቲኑ ወደበዛበት ይሳባል፤ መቅኔ ውስጥ ሲደርስም እዚያው ተይዞ ይቀመጣል። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ስቴም ሴል እጅግ ጥቂት የሆነውም ለዚህ ነው።

የሚወጉት ፊልግራስቲም ስቴም ሴሉን ራሱን አይጎትተውም። የፕሮቲኑ ምርት መቅኔው ውስጥ እንዲቀንስ ያደርጋል፤ ማሰሪያው ሲላላ ሕዋሳቱ ወደ ደም ይወጣሉ። ይህ ቀናት ይፈጃልና አንድም መርፌ አይዝለልዎት። የተለመደው መጠን በቀን በኪሎ 10 ማይክሮግራም ነው፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 700 ማይክሮግራም ማለት ነው። በ5ኛው ቀን ደምዎ በማሽን ውስጥ ለሰዓታት ይዞራል፤ ስቴም ሴሉ ተለይቶ ይቀራል፣ ሌላው ወደ እርስዎ ይመለሳል። የሚፈለገው በእህትዎ ክብደት በእያንዳንዱ ኪሎ ቢያንስ 2 ሚሊዮን ሕዋስ ነው፤ ከ4 ሚሊዮን ቢበልጥ ይመረጣል። ካልሞላ በማግስቱ ይደገማል። ተቀባዩን ራሱን ዘግቶ በሰዓታት ውስጥ ሕዋሱን የሚያስለቅቅ ፕሌሪክሳፎር የሚባል መድኃኒትም አለ፤ የተፈቀደው ግን በዋናነት ኋላ ለራሳቸው እንዲመለስላቸው የራሳቸውን ሕዋስ ለሚያስቀምጡ ሕሙማን ነው።

ወገብዎንና ዳሌዎን ይቆረጥምዎታል፤ መቅኔው በሥራ ስለተወጠረ ነው። ፓራሲታሞል ያስታግሰዋል፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ሳይጠይቁ አይውሰዱ። ከግራ ጎድንዎ ሥር ወይም በግራ ትከሻዎ ላይ ድንገት ሕመም ከተሰማዎት ግን ጣፊያዎ አብጦ ሊሆን ይችላልና ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ። ማሽኑ ላይ ሳሉ ከንፈርዎ ቢደነዝዝ፣ ደም እንዳይረጋ የሚጨመረው ሲትሬት የደምዎን ካልሲየም ስለያዘብዎ ነው፤ ለነርሷ ይንገሯት፣ ፍጥነቱን ትቀንሳለች ወይም ካልሲየም ትሰጥዎታለች። ሲክል ሴል (ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ማጭድ የሚቆለመምበት በዘር የሚተላለፍ በሽታ) ካለብዎ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ይናገሩ፤ መድኃኒቱ ለሕይወት የሚያሰጋ ቀውስ ሊያስነሳ ይችላል።

እህትዎ ሕዋሱን የምትቀበለው ደም እንደሚሰጥ ሁሉ በደም ሥሯ ነው። በመቅኔው የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ያሉ አጣባቂ ፕሮቲኖች የሚያልፈውን ስቴም ሴል ይዘው ያዘገዩታል፤ ከዚያ ሲ-ኤክስ-ሲ-ኤል 12 ይስበውና ግድግዳውን አልፎ ይገባል። ሌላ አካል ውስጥ የሚቀሩም አሉ፤ በኪሎ ብዙ ሚሊዮን የሚሰበሰብበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቦታውን የያዘው ሕዋስ ተባዝቶ በቂ ነጭ የደም ሕዋስ ለማምረት ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይወስድበታል። በእነዚያ ቀናት ኢንፌክሽንን የሚከላከል አቅም የላትምና ሙቀቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ነገ ሳይባል ለሐኪሞቿ ይደወል።