ውኃውን ጀሪካኑ ላይ ለኩት

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ስለምኖር ተመራቂ ተማሪ ከደጄ አይጠፋም። ዘንድሮ ግን በዛችሁ። «ጋሼ፣ መተማ ስደተኞች ጋ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ የሚያውቁት ሰው አለ?» ትሉኛላችሁ። ሲቪያችሁን አይቼ እመልሳለሁ፣ የማውቀው ካለም እደውላለሁ፤ ይሄን በደስታ ነው የማደርገው። ግን ሥራው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ የሚጠብቃችሁን ነገር በር ላይ ቆሜ ለእያንዳንዳችሁ ከምደግመው፣ አንዴ ልጻፈውና ሁላችሁም አንብቡት።

እኔ ሳኒታሪያን፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ። የተማርኩት እዚሁ ጎንደር፣ ዩኒቨርሲቲው ገና የጤና ኮሌጅ በነበረበት ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬ ያለቀው ውኃ በማከም፣ ጉድጓድ በማስቆፈርና ሽንት ቤት በመቁጠር ነው። ብዙውን ዓመት ያሳለፍኩት በስደተኛ መጠለያ ጣቢያዎች ነው።

የሱዳን ጦርነት የተነሳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ነው። ቅዳም ሥዑር ነበር። እኛ እዚህ ለፋሲካ ዶሮ ስንበልት ካርቱም በመድፍ ትደበደብ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የድንበሯ ከተማ መተማ ዮሐንስ በሰው ተጨናነቀች። ሱዳናዊው፣ ኤርትራዊው፣ ለሥራ ሄዶ የነበረው የራሳችን ልጅ፣ ሻንጣ የሚጎትተው፣ ባዶ እጁን የመጣው፣ ሁሉም። እኔም ግንቦት ላይ የአጎቴን ልጅ ልቀበል ወረድኩ። የቆላውን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ግንቦት ላይ መተማ እሳት ነው። ድንበሩ አጠገብ ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት ሥራዋን ትታ ለሚያልፈው ሁሉ በጣሳ ውኃ ታድላለች። ማንም አላዘዛትም፣ የሚተካላትም የለም። ታላቅ ወንድሜ በደርግ ጊዜ በዚሁ መንገድ ወጥቶ ገዳሪፍ ሲገባ የሱዳን ሰው እንዲሁ ነበር የተቀበለው። በ1977ቱ ረሃብ የኛን ሰው ያስጠለለው የሱዳኑ መጠለያ ኡም ራኩባ፣ በ2013 ከትግራዩ ጦርነት የሸሸውን ሊያስጠልል እንደገና ተከፍቷል። ስለዚህ መተማ ላይ ቆማችሁ የምታዩት ሰው ለዚህ አካባቢ ባለውለታ ነው። ይሄን ሳታውቁ ሥራ አትጀምሩ።

ድርጅቶቹስ? መጥተዋል። ግን አመጣጣቸውን እወቁት፣ ካላወቃችሁት ወይ ታመልኳቸዋላችሁ ወይ ትጠሏቸዋላችሁ፤ ሁለቱም ለሥራ አይሆንም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1950 ሲቋቋም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተፈናቀለውን አውሮፓዊ ለሦስት ዓመት ብቻ እንዲረዳ ታስቦ ነበር። የ1951ዱ ስምምነትም ያን ዘመን ይዞ ነው የተጻፈው፤ የጊዜና የቦታ ገደቡን ያነሳው የ1967ቱ ፕሮቶኮል ነው። ለኛ ትልቁ ሰነድ ግን እ.ኤ.አ. በ1969 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ነው። በሱ መሠረት ሰው በግሉ መሳደዱን ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ የአገሩ ሰላም ክፉኛ ከታወከ፣ ሸሽቶ ድንበር መሻገሩ ይበቃዋል። ከካርቱም የመጣችውን እናት «ማን ነው ያሳደደሽ?» ብሎ ማፋጠጥ የማያስፈልገው ለዚህ ነው። የራሳችንን አዋጅ ቁጥር 1110/2011ንም አንብቡ። የሥራና የትምህርት መብትን ጨምሮ ብዙ ነገር ይፈቅዳል። በወረቀት የተፈቀደው መሬት ላይ ምን ያህል እንደሚገኝ ደግሞ ሄዳችሁ ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ገንዘቡ የሚመጣው በልመና ነው። ይሄን ለስለስ አድርጌ ልለው አልችልም። ኮሚሽኑ ከተባበሩት መንግሥታት መደበኛ በጀት የሚያገኘው እጅግ ጥቂት ነው፣ የቀረው ለጋሽ መንግሥታት በፈቃዳቸው የሚሰጡት ነው። ሰው ድንበር ሲያቋርጥ መጀመሪያ ጥሪ ይወጣል፣ ከዚያ ቃል ይገባል፣ ከዚያ ገንዘቡ ይለቀቃል፣ ከዚያ ከመንግሥት ጋር ውል፣ ከአጋር ድርጅት ጋር ውል፣ ጨረታ፣ ግዢ፣ ማጓጓዝ፤ በዚህ ሁሉ መሀል ሕፃኑ ፀሐይ ላይ ነው። ለጋሹ እጁን ሲሰበስብ ደግሞ ሁሉም ነገር ይቆማል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2025 የውጭ እርዳታዋን ስትቆርጥ አይታችሁታል፤ ከእናንተው መሀል ሥራ ያጣ አለ።

ሰኔ 2015ን አልረሳውም። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታው ላልታለመለት እየዋለ ነው ብሎ የምግብ እደላውን በመላ አገሪቱ አቆመ፣ ስደተኞቹንም ጨምሮ። ለስደተኞቹ እንደገና የጀመረው ከአራት ወር ገደማ በኋላ ነው። ስርቆት መመርመር አለበት፣ በዚህ አልከራከርም። ግን እህሉን የወሰደው ሌላ፣ የተራበው ሌላ። በዚያው ክረምት ኮሌራ ከሱዳን የሸሹት ወደሰፈሩበት ኩመር መጠለያ ገባ። የራበው ሰውነት ኮሌራን እንዴት ይቋቋማል? ለሳኒታሪያን ይሄ የሁለት መሥሪያ ቤት ሁለት ጉዳይ አይደለም፣ አንድ ጉዳይ ነው። ነሐሴ ላይ ደግሞ ክልላችን ራሱ ግጭት ውስጥ ገባ፣ መንገድ መዘጋት ጀመረ። ከጦርነት የሸሹት ሰዎች ጥይት ተከትሏቸው መጣ። በ2016 ሚያዝያ መገባደጃ አውላላ ከሚባለው መጠለያ ከሺህ የማያንሱ ስደተኞች «ዘረፋና ጥቃት በዛብን» ብለው ወጥተው መንገድ ዳር ሰፈሩ፣ ለወራትም እዚያው ነበሩ። የ1969ኙ ስምምነት ስደተኛ ለደኅንነቱ ሲባል ከድንበር ራቅ ብሎ ይስፈር ይላል። ለኪሎሜትሩ የተጨነቀ ነበር፤ ማታ በጣቢያው ማን እንደሚዘዋወር ግን በጊዜ የጠየቀ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፣ ዋናው ነገሬ እሱ ነው።

ድሮ አንድ ጣቢያ ላይ የውኃውን ሥራ የምመራው እኔ ነበርኩ። የድርጅቱን ስም ተዉት። አሥር ሺህ ሰው ነበረን። ዓለም የተስማማበት ዝቅተኛ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው። አሥር ሺህ ሊትር የሚይዝ ቦቴ በቀን አሥራ አምስት ጊዜ ይመላለሳል። አካፍሉት፣ ልክ 15 ይመጣል። በየሳምንቱ 15 እያልኩ ሪፖርት ጻፍኩ። አለቆቼ ደስ አላቸው፣ ለጋሹም ደስ አለው፣ እኔም ሌሊቱን ተኛሁ። ክሊኒኩ ግን ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት እየበዙበት ነበር። የክሊኒኩ ነርስ መጣችና «ውኃህ በቂ ከሆነ እነዚህ እናቶች እጃቸውን ለምን አይታጠቡም?» አለችኝ። ተቆጣሁ። ሪፖርቱን አውጥቼ አሳየኋት። እሷ ወረቀቱን አላየችውም። እጄን ይዛ አንዲት ድንኳን ወሰደችኝ።

ሰባት ሰው ያለበት አንድ ቤተሰብ ነው። ጀሪካን አንድ፣ ባለ 20 ሊትር። ቧንቧው የሚከፈተው ጠዋት ብቻ ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ስለዚህ በቀን የሚቀዱት አንድ ጊዜ ነው። ሃያን ለሰባት አካፍሉት። ሦስት ሊትር አይሞላም። ታንከሩ ሞልቶ ቢያድር ለነሱ ምንም አይደለም፣ የሚይዙበት ዕቃ የላቸውም። የተረፈው ውኃ የት ይሄድ እንደነበር በኋላ አጣራን፤ ከፊሉ በተሰበረ ቧንቧ ይፈሳል፣ ከፊሉን የመንደሩ ሰው ለከብቱ ይቀዳል፤ እሱም ቢሆን በርሃ ላይ ውኃ ቢያጣ ነው፣ አልፈርድበትም። እኔ ቦቴ ስቆጥር ሰው ይጠጣል ብዬ አስብ ነበር። አልዋሸሁም፣ ቁጥሩ ትክክል ነበር። የለካሁበት ቦታ ነው የተሳሳተው። በዚያ ወር ስለተቀበሩት ልጆች ዛሬም አስባለሁ። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ ሁሉ ከዚያች ድንኳን የጀመረ ነው። የመጀመሪያው ግዢያችን ጀሪካን ነበር። ሁለተኛው ቧንቧውን ማታም መክፈት።

እንግዲህ እናንተ ስትገቡ ትልልቅ ስብሰባ ይኖራል። «ይህን ያህል ኩንታል ተራገፈ፣ ይህን ያህል ድንኳን ተተከለ፣ ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ» ይባላል። ጻፉት፣ ሥራችሁ ነው። ግን እህሉን መጋዘን ላይ ብቻ አትቁጠሩት፣ ድስቱ ጋ ሂዱ፤ ወፍጮ ለማስፈጨት ስንት ኪሎ እንደሸጡበት ጠይቁ። ሽንት ቤቱን ቀን ቆጥራችሁት ከሆነ ማታ ተመልሳችሁ እዩት፣ መብራት ከሌለ ሴቶቹ አይገቡበትም፣ ስለዚህ የለም ማለት ነው። ሴቶቹን ደግሞ ሴት ትጠይቃቸው። ምዝገባ ላይ ከተመደባችሁ ስም በትክክል ጻፉ፤ አንድ ፊደል ስትሳሳቱ ያ ቤተሰብ የእደላ ቀን ሰልፍ ላይ ቆሞ «ዝርዝሩ ውስጥ የላችሁም» ይባላል። አለቃችሁ በእናንተ ቁጥር ደስ ካላለው፣ በትሕትና ግን በጽሑፍ አስረዱት። ጽሑፍ ይቀራል። አንዳንዱ ኮንትራታችሁን ላያድስ ይችላል፣ እኔም ደርሶብኛል፣ ቤተሰቤ ተቸግሯል። ይሄ አይደርስባችሁም ብዬ አላታልላችሁም።

የመተማንም ሰው አትርሱት። የሱ ልጅም ከዚያው ውኃ ነው የምትጠጣው፣ ኮሌራ መታወቂያ አያይም። ደባት ዓለም ዋጭ መጠለያ የምትመደቡም እንደዚሁ፣ ኤርትራውያኑንም ባለአገሩንም አንድ ላይ ስሙ።

አምና ከእናንተ አንዷ እንደዚህ በር አንኳኩታ መጥታ ነበር። ሥራ አገኘች፣ ወደ ቆላ ወረደች። ባለፈው ወር ማታ ደወለችልኝ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ድምጿ ተናዷል። «ጋሼ፣ ዛሬ ሠላሳ ቤት ገባሁ። ጀሪካን አላቸው፣ ግን አርጅቷል፣ አብዛኛው ከላይ ተሰንጥቋል። ሃያ ብለን የመዘገብነው አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ነው የሚይዘው። ነገ ሪፖርት አለብኝ፣ ምን ልበል?»

«አሥራ ሦስት በይ» አልኳት።