ልጅቷ «ዋ» ስትል

ከሃዋሳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ባጭሩ የ5 ዓመት ልጅሽን ከአቅምሽ በላይ እየከፈልሽ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ኬጂ አስገብተሻታል፣ ቤት ውስጥም እንግሊዝኛ፣ ካልሆነ አማርኛ ብቻ ብለሽ ደንብ አውጥተሻል፣ አብረዋችሁ የሚኖሩት አማትሽ ግን በሲዳምኛ እያወሩ «እያበላሹብኝ ነው» ትያለሽ፣ ባልሽ ደግሞ ዝም።

ስጋትሽ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በእንግሊዝኛ ነው፣ በ2015 ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ (ጥፋቱ የእንግሊዝኛ ብቻ ነው ባልልም)። ግን ሁለት ሦስት ቋንቋ ለሕፃን ሸክም አይደለም፣ ቃላት ብታቀላቅልም ያለ ነው። ከአያቷ ተረት እየሰማች ያደገች ልጅ እንግሊዝኛ ስትማር ነገሩን ቀድማ ታውቀዋለች፣ የምትጨምረው ስሙን ነው።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። መሃል ላይ እንደ ዋዛ «ማታ ማታ ሦስቱ ሲሳሳቁ ምን እንደሚሉ አይገባኝም» ብለሽ ወዲያው ስለ ዩትዩብ ማውራት ጀመርሽ። እህቴ፣ ደብዳቤሽ እኮ እዚህች ጋር ነው ያለው!

የውሃውን ነገር አስቢው እስቲ። ልጅቷ ጠምቷት አያቷን «ዋ» አለቻቸው፣ በሲዳሙ አፎ (በሲዳምኛ) ውሃ ማለት ነው፣ አንቺ ከኪችን ወጥተሽ «ዋተር በይ!» አልሻት፣ አማትሽም የያዙትን ብርጭቆ መልሰው አስቀመጡት። ልጅቷ ጠጣች ወይስ አልጠጣችም? እሱን አልጻፍሽልኝም። በኛ አማርኛ «ዋ!» ማስፈራሪያ ነው፣ አንቺም የሰማሽው እሱን ይመስለኛል፣ ልጄን ወሰዱብኝ የሚል። በገዛ ቤትሽ እንግዳ መሆን ያማል፣ 7 ዓመት በትዳር ኖረሽ አንድ ቀልድ እንኳ ያልተረጎመልሽ ባልም ጥፋት አለበት። ግን ቅር አይበልሽና ሕመምሽን በእንግሊዝኛ ስም አሮጊቷ ላይ ነው የጣልሽው፣ ልጅቷም በአያቷ ማፈርን ካንቺ እየተማረች ነው። ባልሽስ የእናቱ ቋንቋ ቤቱ ውስጥ እንደ ቆሻሻ ሲቆጠር ምን ብሎ ያውራ?

ለሁሉም የሚሠራ መድኃኒት የለኝም፣ ግን ደንቡን ለተወሰነ ሳምንት ተይው፣ እንግሊዝኛውን ማታ መጽሐፍ ስታነቢላት አድርጊው። ቡና ስታፈሉ ደግሞ አማትሽን ቃል ጠይቂያቸው፣ ቡና እንደሆነ በሁለቱም ቡና ነው፣ ከሱ ብትጀምሪ አይከብድም። ለባልሽ ስለ ልጅቷ ሳይሆን ስለ ራስሽ ንገሪው፣ «ስትስቁ ብቻዬን ነኝ» በይው፣ ቶሎ ባይገባውም ታገሺው። የሱን ወገን አልሰማሁምና ከተቻለ ሁለታችሁም አማካሪ ጋር በአካል ሂዱ፣ እምቢ ካለሽ ብቻሽንም ቢሆን ጀምሪ።