ባትሪው ሙሉ ነው፣ ኢንቨርተሩ ግን ይጮሃል

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ቫኔን ወደ ማደሪያ መኪና ለውጬ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይር 2000 ዋት ኢንቨርተር አስገጥሜበታለሁ። ስልክና ላፕቶፕ ያለ ችግር ይሞላል። 1500 ዋት የውሃ ማፍያ ስሰካ ግን አራት አምስት ሰከንድ ይሠራና ጮሆ ይጠፋል። ባትሪው 12.6 ቮልት ያሳያል። ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ 200 አምፒር ሰዓት የሆነ አዲስ ባትሪ ብገዛም ለውጥ የለም። ባትሪው ከሾፌሩ ወንበር ሥር፣ ኢንቨርተሩ ከኋላ ነው፤ ገመዱ 16 ይላል። ኢንቨርተሩን ልቀይረው?»

አትቀይረው ወንድሜ። ባትሪውንም ባትቀይረው ጥሩ ነበር። የጻፍከውን ሳነብ ዓይኔን የያዘው ባትሪው ከፊት፣ ኢንቨርተሩ ከኋላ መሆኑ ነው። በመካከላቸው ቢያንስ አራት ሜትር ገመድ ተዘርግቷል፤ እሱም ባለ 16 ሚሊ ሜትር ካሬ። ቮልቴጁ መንገድ ላይ እየጠፋብህ ነው።

12.6 ያነበብከው ምንም ሳይሠራ ነው። ያ ቁጥር ባትሪው መሙላቱን ይናገራል እንጂ ማፍያው ሲሰካ ኢንቨርተሩ ጋ ስንት እንደሚደርስ አይናገርም።

ከመለካትህ በፊት ግን አንድ ነገር እይ። ከባትሪው ፖዘቲቭ በሚነሳው ገመድ ላይ፣ እዚያው ባትሪው አጠገብ፣ ፊውዝ አለ? ከሌለ ዛሬውኑ ኔጌቲቩን ፍታና ፊውዝ እስክታስገባ ምንም አትሰካ።

ካለ ወደ ልኬቱ እንሂድ። ማፍያው ቶሎ ስለሚያጠፋው 600 ዋት ገደማ የሚስብ ሌላ ዕቃ ሰክተህ አሠራ። ቴስተሩን፣ ማለትም የቮልት መለኪያውን፣ ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርገው። አንዱን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ አስነካ፤ መቆንጠጫው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ። ሌላውን ጫፍ የኢንቨርተሩ ፖዘቲቭ ቡሎን ላይ። የቴስተሩ ገመድ አይደርስምና ቀጭን ሽቦ ቀጥልበት፤ ንባቡን አያዛባውም። የቀጠልክበትን ግን በፕላስተር በደንብ ጠቅልለው፣ ሻሲ (የመኪናውን ብረት አካል) እንዳይነካ። የምታየው ቁጥር በዚያ መስመር ላይ የጠፋው ቮልቴጅ ነው። በኔጌቲቩም ድገመውና ደምራቸው። ድምሩ ግማሽ ቮልት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሌባው ተገኝቷል። በዚያው ሰዓት በባትሪው ሁለት ራሶች መካከል ከ12 ቮልት ካልወረደ፣ ባትሪህ ከደሙ ንጹሕ ነው።

ይህን ነገር ረጋ ብዬ ላስረዳህ፤ አንዴ ከገባህ ሌላውን ሁሉ ራስህ ትሠራዋለህ። የማፍያውን የራሱን ገመድ ተመልከት። ቀጭን ነው፣ ግን አይግልም። በ220 ቮልት 1500 ዋት ለማድረስ 7 አምፒር ገደማ ይበቃዋል። ያንኑ 1500 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ስትስብ፣ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነው አሥር በመቶ ገደማ ተጨምሮ፣ 138 አምፒር ይሆናል። ሃያ እጥፍ ማለት ነው። አሁን ገመዱን አስብ። አራት ሜትር መሄጃ፣ አራት ሜትር መመለሻ፣ በድምሩ ስምንት ሜትር። ንጹሕ መዳብ ቢሆን እንኳ በ16 ሚሊ ሜትር ካሬ 0.009 ኦም ገደማ መቋቋም አለው። ትንሽ ትመስላለች፤ በ138 አምፒር ስታባዛት ግን 1.2 ቮልት ነች። ከ220 ላይ 1.2 ቢጎድል የሚያውቅ የለም። ከ12 ላይ ሲጎድል ግን አንድ አሥረኛው ሄደ። የባሰው ደግሞ ይኸውልህ፦ ማፍያው 1500 ዋቱን አይተውም፣ ኢንቨርተሩም እሱን ለማድረስ ቮልቴጁ ባነሰ ቁጥር ብዙ አምፒር ይስባል። አምፒሩ ሲጨምር ገመዱ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅም ይጨምራል፤ ቮልቴጁ እንደገና ይወርዳል፣ አምፒሩ እንደገና ይወጣል። ባትሪው ጭነት ላይ 12 ቮልት ቢሰጥ፣ ገመዱ ብቻውን ኢንቨርተሩ ጋ 10.6 ያደርሰዋል። ጫፉ ላይ አንድ ያልጠበቀ ተርሚናል (ገመዱን ከቡሎን ጋር የሚያያይዘው የብረት ጫፍ) ካለ 10 ገደማ ይገባል። ብዙ ኢንቨርተሮች ከ11 በታች መጮህ ይጀምራሉ፣ 10 አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ጩኸቱ የጤንነት ምልክት ነው፤ ዕቃው ሥራውን እየሠራ ነው። የጠፋው ኃይል ደግሞ በኖ አልቀረም፤ ከ200 ዋት በላይ ሙቀት ሆኖ ምንጣፍህ ሥር ገመዱን እያጋለው ነው።

መፍትሔው ኢንቨርተሩን ወደ ባትሪው ማምጣት ነው። ረጅሙን መንገድ የ220ው ገመድ ይሂድ፤ እሱ ርቀት አይጎዳውም። በባትሪውና በኢንቨርተሩ መካከል አንድ ሜትር ብቻ ይኑር፣ ገመዱም 70 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሁን፤ በሙሉ 2000 ዋት እንኳ የሚጠፋው ከ0.1 ቮልት አይበልጥም። ፊውዙ 250 አምፒር፤ የኢንቨርተርህ መመሪያ ሌላ ቁጥር ካለ እሱን ተከተል። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነ ሁለቱን በአንድ የተዘጋ ሳጥን ውስጥ አታስቀምጥ፤ ባትሪው ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል።

ገመድ ስትገዛ ጫፉን በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርገው። ከላይ ቀይ ሆኖ ከውስጥ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ይህ ዕቃ በጣም ያናድደኛል። ልባሱን አወፍረው እጅ ላይ የሞላ ያስመስሉታል፤ በተመሳሳይ ውፍረት መዳብ ከሚሸከመው እጅግ ያንሳል። ግልጽ ፕላስቲክ ክዳን ያለው ርካሽ የመኪና ሙዚቃ ፊውዝ ቤትም እንደዚያው ነው። ፊውዙ ሳይቃጠል ቤቱ የቀለጠበትን ስንት አይቻለሁ።

የድሮውን ተርሚናል ሳትጥለው በመጋዝ ለሁለት ቁረጠውና ወደ ውስጥ ተመልከት። በደንብ የተጨመቀ ከሆነ ክሮቹ ተጣብቀው አንድ ድፍን መዳብ ይመስላሉ። ያንተን የሠራው ሰው በመዶሻ ቀጥቅጦት ከሆነ በክሮቹ መካከል ክፍተት ታያለህ፤ ዙሪያው ጠቁሮም ይሆናል። አዲሱን በሃይድሮሊክ መጭመቂያ አስጨምቅ። ስታኞ (ቀልጦ የሚያጣብቅ ለስላሳ ብረት) አፍስሰው የሚያያይዙም አሉ፤ ሲግል ይለሰልሳልና አትቀበል። ኔጌቲቩን ቀለም በተቀባ ሻሲ ላይ አስረውት ከሆነም ተወውና ገመዱን እስከ ባትሪው ድረስ አድርሰው።

ፊውዙን ደግሜ እላለሁ፤ ቦታው ባትሪው ጋ ነው። ኢንቨርተሩ አጠገብ የተቀመጠ ፊውዝ መሀል ያለውን ገመድ አያድንም። አንድ ቫን መጥቶልኝ ነበር፤ ፊውዙ ሙሉ ጤነኛ፣ ከኋላ። ገመዱ የወንበሩ ሐዲድ ላይ እየተፋተገ ልባሱ አልቆ ሻሲ ነክቷል፤ ምንጣፉ ከሥር ነዷል። ባትሪ በሾርት ጊዜ ሺህ አምፒርና ከዚያም በላይ ይለቃል፤ የሚያቆመው እዚያው ራሱ ጋ ያለው ፊውዝ ብቻ ነው።

ስትሠራ ቀለበትና ሰዓት አውልቅ። ስትፈታ ኔጌቲቩን አስቀድም፣ ስታስር ኔጌቲቩን መጨረሻ አድርግ። ኢንቨርተሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትላልቅ ካፓሲተሮች ስላሉ የመጨረሻው ገመድ ሲነካ ጠንካራ ብልጭታ ይሰጣል። ኢንቨርተሩን አጥፍተህ ገመዱን መጀመሪያ በ12 ቮልት አምፖል በኩል አስነካው፤ አምፖሉ በርቶ ሲደበዝዝ ካፓሲተሩ ሞልቷል፣ ወዲያው እሰረው። የኢንቨርተሩን 220 ደግሞ ከውጭ መብራት ከሚገባባቸው ሶኬቶች ጋር በቀጥታ አታገናኘው፤ አንዱን ሲያገናኝ ሌላውን የሚለይ ማዛወሪያ ማብሪያ ያስፈልጋል። ሁለቱ ከተገናኙ ኢንቨርተሩ ያኔውኑ ይሞታል።

ሲያልቅ ማፍያውን አንድ ጊዜ እስኪፈላ አሠራና ከባትሪው ጀምረህ ተርሚናሎቹን በእጅህ ጀርባ ዳብሳቸው። ለብ ቢሉ ምንም አይደለም። እጅ የማያስቆም አንድ ካለ እሱን ብቻ እንደገና አስጨምቅ። ያም ሆኖ የሚጮህ ከሆነ ሁለቱን ንባብ፣ የባትሪውን ራስና የኢንቨርተሩን ቡሎን፣ ማፍያው እየሠራ ለክተህ ላክልኝ። ፊውዙም ባትሪው አጠገብ መሆኑን በፎቶ አሳየኝ።