ቤልጂየም መንግሥት ለመመሥረት ለምን ይህን ያህል ትዘገያለች?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2010 ምርጫ ካካሄደች በኋላ አዲስ መንግሥት ለማቋቋም 541 ቀናት እንደፈጀባት አንብቤ ተገርሜአለሁ። ሕዝቡ ድምፁን ከሰጠ በኋላ አሸናፊው ፓርቲ ወዲያው ሥልጣን የማይረከበው ለምንድን ነው? የቋንቋ ልዩነትስ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? በዚያ ሁሉ ጊዜ አገሩን ያስተዳድር የነበረውስ ማን ነው? ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል።
የመጽሔታችሁ ተከታታይ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው «አሸናፊው ፓርቲ» ባሉት ቃል ውስጥ ነው። በቤልጂየም መላ አገሪቱን አሸነፈ ሊባል የሚችል ፓርቲ የለም። በጠቀሱት የጁን 13 ቀን 2010 ምርጫ ከ150 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ትልቁን ድርሻ ያገኘው አዲስ ፍሌሚሽ ኅብረት የተባለው ፓርቲ ሲሆን፣ ያገኘውም 27 ብቻ ነበር፤ የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ሶሻሊስት ፓርቲ በ26 ተከተለው። የመጀመሪያው ድምፁን የሰበሰበው ደች ከሚነገርበት ከሰሜኑ የፍላንደርስ ክልል ነው፤ ሁለተኛው ፈረንሳይኛ ከሚነገርበት ከዋሎኒያና ከብራሰልስ። አንዱ ለመራጮቹ የፍላንደርስን ሥልጣን አሰፋለሁ ሲል፣ ሌላው የአገሪቱ የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት እንዳይከፋፈል እከላከላለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር።

ይህ አሰላለፍ ከጥንት የነበረ አይደለም። አገሪቱ በ1830 ነጻነቷን ካወጀች በኋላ ለረጅም ዘመን ዋና ዋናዎቹ ፓርቲዎች አገር አቀፍ ነበሩ። መለያየቱን ካፋጠኑት ነገሮች አንዱ የሌቨን ዩኒቨርሲቲ ውዝግብ ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚገኘው በፍላንደርስ ስለሆነ፣ የፈረንሳይኛው ክፍል ከከተማው ይውጣ የሚለው ጥያቄ ከዓመት ወደ ዓመት እየከረረ ሄዶ በ1968 መንግሥት እስከ መጣል ደረሰ። ዩኒቨርሲቲው ለሁለት ሲከፈል የቤተ መጻሕፍቱ መጻሕፍት እንኳ በመደርደሪያ መለያ ቁጥራቸው ሙሉና ጎዶሎ እየተባሉ ተከፋፈሉ። አብረው የተሰበሰቡ መጻሕፍት በዚህ መንገድ ሲለያዩ ማሰብ ያሳዝናል። የክርስቲያን ዲሞክራቶቹ ፓርቲ በዚሁ ውዝግብ ተሰነጠቀ፤ ሊበራሎቹ ተከተሉ፤ ሶሻሊስቶቹም በ1978 ተለያዩ።

እንደ እኔ እምነት የመዘግየቱ ሥር ያለው እዚህ ነው። ዛሬ በፍላንደርሷ ጌንት ከተማ የሚኖር መራጭ በዋሎኒያዋ ሊዬዥ የሚወዳደረውን ፖለቲከኛ ቢወደው ሊመርጠው፣ ቢያስቀይመውም ድምፁን ነፍጎ ሊቀጣው አይችልም። በሁለቱም ቋንቋ ከቀረቡ ፓርቲዎች መካከል የመምረጥ ዕድል ያላቸው የብራሰልስ ነዋሪዎች ናቸው፤ ከታወቁት ፓርቲዎች ውስጥም በመላ አገሪቱ አንድ ሆኖ የቀረው የሠራተኞች ፓርቲ ነው። ስለዚህ ፖለቲከኞቹ በምርጫው ወቅት ለየራሳቸው ወገን ብቻ ሲናገሩ ከርመው፣ ያልተነጋገሩበትን ሁሉ ከምርጫው በኋላ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለመጨረስ ይገደዳሉ።

ሳይስማሙ እንዳይገዙ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ያስራቸዋል። በአንቀጽ 99 መሠረት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ከ15 ሰው አይበልጥም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሳይጨምር የደች ተናጋሪና የፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሚኒስትሮች ቁጥር እኩል መሆን አለበት። ደች ተናጋሪዎቹ ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ ቢሆኑም በዚያ ጠረጴዛ ላይ በቁጥር አይበልጡም። የክልሎችን ሥልጣን የሚነኩ ልዩ ሕጎች ከጠቅላላው ድምፅ ሁለት ሦስተኛውን ከማግኘታቸው በተጨማሪ የምክር ቤቱ አባላት በቋንቋቸው በተመደቡበት በእያንዳንዱ የቋንቋ ቡድን ውስጥ አብላጫ ድምፅ ማግኘት ይኖርባቸዋል። አንድ ረቂቅ በማኅበረሰቦቹ ግንኙነት ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል ብለው ከአንድ የቋንቋ ቡድን አባላት ሦስት አራተኛው ከፈረሙ ሂደቱ ይቆምና የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ30 ቀን ውስጥ ሐሳቡን እንዲያቀርብ ይደረጋል። እነዚህን ድንጋጌዎች የመዘግየት ምክንያት አድርገው የሚወቅሱ አሉ፤ እኔ ግን አናሳው ወገን በገዛ አገሩ እንግዳ እንዳይሆን የጠበቁት እነርሱ በመሆናቸው ሊነኩ አይገባም እላለሁ።

አገሩን ማን ያስተዳድር ነበር ላሉት፣ ሥልጣን የለቀቀው የኢቭ ለተርም ካቢኔ አዲስ ፖሊሲ ሳያወጣ የዕለት ተዕለት ሥራውን ቀጥሎ ነበር። አዲስ በጀት ካልጸደቀ ያለፈው ዓመት በጀት ለ12 ተከፍሎ በየወሩ ይለቀቃል። ትምህርትን የመሰሉ ጉዳዮች የራሳቸው ምክር ቤትና መንግሥት ባሏቸው ማኅበረሰቦችና ክልሎች እጅ ስለሆኑ አልተቋረጡም። ንጉሡም ሸምጋዮችን፣ በመጨረሻም መንግሥት የሚያቋቁመውን ሰው እየሾሙ ድርድሩን ይከታተሉ ነበር።

ድርድሩን ለረጅም ጊዜ የያዘው ብራሰልስን ከዙሪያዋ የፍሌሚሽ ከተሞች ጋር ያጣመረው ብራሰልስ፣ ሃሌና ቪልቮርዴ የተባለው የምርጫ ክልል ነበር፤ በዚያ የሚኖሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ለብራሰልስ ዕጩዎች ድምፅ መስጠታቸውን ፍሌሚሾቹ የቋንቋ ድንበር መጣስ አድርገው ያዩት ነበር። ክልሉ እንዲከፈል ስምምነት የተደረሰው በ2011 መጸው ነው። ከዚያም የበጀቱ ክርክር ተራዘመ፤ ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ በኖቬምበር 25 የአገሪቱን የብድር ደረጃ ዝቅ ባደረገ ማግሥት ግን ለወራት ያልተስማሙት ተደራዳሪዎች ተስማሙ። ኤልዮ ዲ ሩፖ የስድስት ፓርቲዎችን ጥምር መንግሥት ይዘው በዲሴምበር 6 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ፣ በመቀመጫ አንደኛ የወጣው አዲስ ፍሌሚሽ ኅብረት ከመንግሥቱ ውጭ ቀረ።

ችግሩ ከዚያ ወዲህም ተደጋግሟል። ከሜይ 2019 ምርጫ በኋላ የአሌክሳንደር ደ ክሮ የሰባት ፓርቲዎች መንግሥት የቆመው በኦክቶበር 1 ቀን 2020 ነው። ከጁን 2024 ምርጫ በኋላም ስምንት ወር ገደማ ፈጅቶ፣ በፌብሩዋሪ 3 ቀን 2025 የአዲስ ፍሌሚሽ ኅብረቱ ባርት ደ ዌቨር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ፓርቲያቸው በደንቡ ለፍላንደርስ ነጻነት የቆመ ሲሆን፣ እርሳቸው ዛሬ ከፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሚኒስትሮች ጋር እኩል ተቀምጠው የቤልጂየምን መንግሥት ይመራሉ።

መፍትሔ አለ ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ ከሁለቱም ወገን የተውጣጡ ምሁራን ያቀረቡትን ሐሳብ እደግፋለሁ። ከ150ዎቹ መቀመጫዎች 15ቱ መላ አገሪቱ እንደ አንድ የምርጫ ክልል ተቆጥራ ይመረጡ የሚል ነው። ያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን የሚያስብ ሰው ጌንትም ሊዬዥም ሄዶ በሁለቱም ቋንቋ ድምፅ መለመን ይኖርበታል። ሐሳቡ ግን እስካሁን ሕግ ሆኖ አልጸደቀም።