በተኑን ቀይሩት፣ የመግቢያ ገጹን ግን ተዉት

የዚህ ወር ጥያቄዎች ሁሉም አንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ አፕ ላይ “በጎግል ግባ”፣ “በፌስቡክ ግባ” የሚለው በተን። ረጅሙን መልስ አስቀድሜዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ያገለገሉ መማሪያ መጻሕፍት የሚሸጡበት አፕ በፍለተር እየሠራሁ ነው። ዲዛይነራችን የጎግልንና የፌስቡክን በተን ከነሎጎው በአፑ አረንጓዴ ቀለም አድርጎ ሰጠኝ፣ ጽሑፉም አማርኛ ነው። ሰው ከአፑ ሳይወጣ እንዲገባ ብዬ የጎግልን ገጽ ዌብቪው ውስጥ ከፈትኩት። “ኤረር 403፣ ዲስአላውድ ዩዘር ኤጀንት” ይለኛል። ጓደኛዬ ዩዘር ኤጀንቱን ክሮም አስመስለህ ቀይረው አለኝ። ልቀይረው? (ከሀዋሳ)

መልስ፦ አትቀይረው። ዩዘር ኤጀንት ብሮውዘር ለድረገጽ ራሱን የሚያስተዋውቅበት ስም ነው። ጓደኛህ ክፉ አስቦ አይደለም። ግን ዛሬ በዘዴ ብታልፍ ነገ ይነቃብህና ተጠቃሚዎችህ በሙሉ ደጅ ይቀራሉ፤ ያን ቀን ደግሞ ስልክህ አያርፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዌብቪው አፕህ ውስጥ ድረገጽ የሚከፍት፣ አንተ የምታዝዘው መስኮት ነው። እዚያ የሚጻፈውን ሁሉ አፕህ ማንበብ ይችላል፣ ጃቫስክሪፕት (ገጹ ላይ የሚሠራ ኮድ) ማስገባትም ኩኪ (ሰው መግባቱን የሚያስታውስ ትንሽ መረጃ) መውሰድም ይችላል። ሰው የጎግል ፓስወርዱን እዚያ ሲጽፍ የኤቲኤም ፒኑን በር ላይ ላለው ጥበቃ እንደመንገር ነው፤ ጥበቃው ጨዋ ሊሆን ይችላል፣ አሠራሩ ግን ልክ አይደለም። ጎግል አንተን ከሌባ የሚለይበት መንገድ ስለሌለው እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በዌብቪው መግባትን መከልከል ጀመረ። ፌስቡክም በ2021 አንድሮይድ ላይ ተከተለው።

ትክክለኛው መንገድ የመግቢያ ገጹን በስልኩ ብሮውዘር መክፈት ነው፤ ለተጠቃሚው እንዲያውም ይቀላል። አንድሮይድ ላይ ከስተም ታብ (አፑ ላይ ተደርቦ የሚከፈት የብሮውዘር ገጽ) ከክሮም ጋር ኩኪ ይጋራል፣ ስለዚህ ክሮም ላይ ቀድሞ የገባ ሰው ፓስወርድ እንደገና አይጽፍም። ጎግልን በራሱ ፓኬጅ ከጠራኸው ደግሞ ስልኩ ላይ ያሉት አካውንቶች ብቅ ይላሉ፣ አንዱን ነክቶ ያልፋል። ዌብቪው ውስጥ ቢሆን ከኢሜይሉ ጀምሮ ሁሉንም ሊጽፍ ነበር።

በተኑን ግን እንደፈለግክ ሥራው። ፍለተር ላይ ማንኛውንም ዊጀት (የስክሪን ክፍል) ወስደህ ሲነካ የመግቢያውን ፈንክሽን እንዲጠራ ማድረግ ብቻ ነው። ያለብህ ገደብ የብራንድ ነው። የጎግል ሎጎ በራሱ ቀለም ነው የሚቀመጠው፤ ዲዛይነርህ አረንጓዴውን ሎጎ ይመልሰው። የጎግሉ በተን ከፌስቡኩ አንሶም መታየት የለበትም። አማርኛው ችግር የለውም፣ “በጎግል ይቀጥሉ” በቂ ነው። አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፦ ጎግል የሚመክረው ሮቦቶ ፎንት የእኛ ፊደል የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከአፑ ጋር አብረህ አስገባ፤ አለዚያ ስልኩ ያገኘውን ፎንት ያመጣና ጽሑፉ ጠባብ ስክሪን ላይ ሁለት መስመር ሊሆንብህ ይችላል።

አልጠየቅከኝም እንጂ የሚያሳስበኝ ከበተኑ በኋላ ያለው ነው። ብዙ የማያቸው ኮዶች ኢሜይሉን ከጎግል ይቀበሉና እሱኑ ብቻ ወደ ሰርቨር ልከው “ሰውየው ገብቷል” ይላሉ። ይሄ ቀልድ ነው። ማንም ያንን ሪክዌስት በፖስትማን (ወደ ሰርቨር ጥያቄ መላኪያ ፕሮግራም) አስመስሎ፣ የሌላ ሰው ኢሜይል አስገብቶ፣ በዚያ ሰው ስም መጽሐፍ ሊሸጥ ይችላል። የሚላከው አይዲ ቶከኑ ነው፣ ጎግል ፈርሞ የሚሰጠው የማንነት ማስረጃ። ሰርቨርህ ፊርማውን፣ ማን እንደሰጠው፣ ለአንተ አፕ የተሰጠ መሆኑንና ጊዜው አለማለፉን ያረጋግጥ። ዳታቤዝህ ውስጥ ሰውን የምትለየው ደግሞ ቶከኑ ውስጥ “ሰብ” በሚባለው መለያ ይሁን፣ ኢሜይል ይቀየራልና። ፌስቡክ ላይማ ኢሜይሉ ጭራሽ ላይመጣ ይችላል፤ አካውንቱን በስልክ ቁጥር የከፈተ ስንቱ ነው! ኢሜይልን ግዴታ ካደረግከው ኮድህ እነሱ ላይ ይሰበራል። ክላየንት ሲክሬት የሚባለውንም ሚስጥራዊ ቁልፍ አፑ ውስጥ እንዳትከት። ኤፒኬ (የአፑን ፋይል) ፈትቶ ማየት ትልቅ ሙያ አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ ሊያሳብደኝ ነው! በጎግል መግባት በኔ ስልክ ይሠራል፣ ኤሙሌተር ላይም ይሠራል። ፕሌይ ስቶር ላይ ጭነን ሰው ሲያወርደው ግን “ኤፒአይ ኤክሴፕሽን 10” ይላል። ኮዱ ያው ነው፣ አንድ መስመር አልነካሁም። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይዞሽ፣ ኮድሽ ጤነኛ ነው። የተቀየረው ፊርማው ነው።

ጎግል አፕሽን የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፦ በፓኬጅ ስሙና አፑ በተፈረመበት ቁልፍ ሻ-1 አሻራ (ቁልፉን የሚለይ አጭር ኮድ)። ላፕቶፕሽ ላይ ስትሞክሪ አንድሮይድ ስቱዲዮ በዲበግ (በመሞከሪያ) ቁልፍ ይፈርምልሻል። ለፕሌይ የምትልኪውን በአፕሎድ ቁልፍሽ ትፈርሚያለሽ። ከዚያ ፕሌይ ያንን ፊርማ አንስቶ እሱ ጋ ባለው ሦስተኛ ቁልፍ ይፈርመዋል፣ ሰው ስልክ ላይ የሚወርደውም ይሄኛው ነው። አንቺ ያስመዘገብሽው ምናልባት የዲበጉን ብቻ ነው። ፕሌይ ኮንሶል ውስጥ ስለ አፕ ፊርማ የሚያወራው ገጽ ላይ ሦስተኛው ሻ-1 ተጽፎ ታገኚዋለሽ፤ ኮፒ አድርጊና ፋየርቤዝ (አፕሽን ያስመዘገብሽበት የጎግል አገልግሎት) ላይ ጨምሪው። ኮንፊግ ፋይሉንም እንደገና አውርጂው። የሥራ ባልደረባሽ በራሱ ላፕቶፕ ሲያስነሳው እምቢ ካለም ነገሩ ያው ነው፣ የእያንዳንዱ ላፕቶፕ ዲበግ ቁልፍ የተለያየ ነው።

ፌስቡክም ካለሽ እዚያም ትቸገሪያለሽ። ፌስቡክ “ኪ ሃሽ” የሚለው ያንኑ ሻ-1 በቤዝ64 በሚባል ሌላ የአጻጻፍ ዘዴ የተጻፈ ነው። ከፕሌይ ኮንሶል በሁለት ነጥብ ተለያይቶ የተጻፈውን እንዳለ ብትለጥፊው አይቀበልሽም፣ መቀየር አለበት። በትክክል ከተቀየረ 28 ምልክት ሆኖ በእኩል ይሆናል ምልክት ያልቃል። በዚሁ ፌስቡክ ላይ አፑ አሁንም ዴቨሎፕመንት ሞድ (ገና በሥራ ላይ ያለ አፕ ደረጃ) ላይ ከሆነ ከቡድናችሁ ውጪ ማንም አይገባም፣ እሱንም እዪው።

ጥያቄ፦ ደንበኞቼ ሁሉ ያሉት ቴሌግራም ላይ ነው። የቴሌግራም በተን ባደርግ ስልክ ቁጥራቸውን አገኛለሁ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በነባሩ ሎግኢን ዊጀት (ድረገጽ ላይ በሚለጠፈው የቴሌግራም መግቢያ በተን) አታገኝም። እሱ የሚሰጥህ መለያ ቁጥር፣ ስም፣ ካለ ዩዘርኔምና ፎቶ ነው። ቁጥሩን ከፈለግክ በቦትህ በኩል “ቁጥሬን አጋራ” የሚል በተን አቅርብና ሰው ራሱ ፈቅዶ ይንካው። ለምን እንደምትፈልገውም አስቀድመህ ንገረው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ “ምናልባት ይጠቅመኛል” ብሎ ቁጥር መሰብሰብ አያዋጣም።

ዊጀቱ የተሠራው ለድረገጽ ስለሆነ ከአፕ ስትጠቀመው የራስህን ገጽ በከስተም ታብ ትከፍታለህ። ዶሜይንህን (የድረገጽህን አድራሻ) ቦትፋዘር በሚባለው የቴሌግራም ቦት ማስተዳደሪያ ላይ ታስመዘግባለህ። ቴሌግራም ከመረጃው ጋር የሚልከውን ሃሽ (መረጃው ከእሱ መምጣቱን የሚያሳይ ኮድ) ሰርቨርህ ላይ ታረጋግጣለህ፤ ይሄን የዘለለ ሰው ማንም “እኔ እገሌ ነኝ” ብሎ እንዲገባ ፈቅዷል። የቦቱ ቶከን ከሰርቨር አይውጣ። ሰውየውን ወደ አፑ ስትመልሰውም በተረጋገጠ አፕ ሊንክ (ከዶሜይንህ ጋር የተያያዘ፣ አፑን የሚከፍት አድራሻ) አድርገው፣ በተራ ስኪም (ማንም አፕ ሊወስደው በሚችል የአድራሻ ስም) ከሆነ ስልኩ ላይ ያለ ሌላ አፕ ያንኑ ስኪም አስመዝግቦ ሊቀማህ ይችላል።

ጥያቄ፦ እዚህ ለእድራችን አፕ ሠርተን ነበር፣ መዋጮና ስብሰባ የሚታይበት። የጎግልና የፌስቡክ በተን አለው። አፕል “4.8” ብሎ መለሰብን። ምን እናድርግ? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ 4.8 የአፕ ስቶር ደንብ ቁጥር ነው። ደንቡ በሌላ ድርጅት አካውንት የምታስገቡ ከሆነ ስምና ኢሜይል ብቻ የሚወስድ፣ ኢሜይልን ለመደበቅ የሚፈቅድና ሰውን ያለ ፈቃዱ ለማስታወቂያ የማይከታተል አማራጭም አቅርቡ ይላል። ቀላሉ የአፕልን በተን መጨመር ነው።

ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ለእድር ፌስቡክ ምን ያደርጋል? አባሎቻችሁን በስም ታውቋቸዋላችሁ፣ መዝገቡም እናንተ ጋ ነው። ሁለቱንም በተን አንስታችሁ በራሳችሁ አካውንት፣ በስልክ ቁጥርና በሚላክ ኮድ ብታስገቡ 4.8 አይመለከታችሁም። እማማም የረሱትን ፓስወርድ ፍለጋ ልጅ አይጠሩም።

የአፕሉን ከመረጣችሁ ግን ስሙን የሚሰጣችሁ ሰውየው መጀመሪያ የፈቀደ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔውኑ ሰርቨር ላይ ካላስቀመጣችሁት በሁለተኛው መግቢያ ባዶ ይመጣል፣ የመዋጮው ዝርዝር ላይም ስም የሌለው ከፋይ ታገኛላችሁ። አካውንት መሰረዣም አፑ ውስጥ አድርጉ። እሱ ከሌለ በሚቀጥለው ዙር ደንብ 5.1.1 ብለው ይመልሱባችኋል።