ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲያናድድ ጥፋቱ የማን ነው?

በሁለት ወንዶች ፍቅር ላይ ያጠነጠነ ኖቬላ (ከአጭር ልብ ወለድ የሚረዝም፣ ከረጅም ልብ ወለድ የሚያጥር ታሪክ) አንብበው ዋናው ገጸ ባሕርይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዳናደደዎት ጽፈዋል። እንዲህ ያሉ ታሪኮች ጥቂት ስለሆኑ ድክመቱን ማለፍ ይገባኝ ነበር ወይ፣ ወይስ ሰውየውን ስላልተረዳሁት ነው ብለውም ጠይቀዋል። ለሁለቱም መልሴ «አይደለም» ነው።

የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ታሪኮችን ለዓመታት ሳነብ የሚያናድዱ ዋና ገጸ ባሕርያት በብዛት አጋጥመውኛል፤ አንዳንዶቹን እስካሁን እወዳቸዋለሁ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1914 ጽፎ የጨረሰውን «ሞሪስ» የተባለ ልብ ወለድ ይውሰዱ። ሞሪስ የአክሲዮን ደላላ ነው፤ በመደቡ የሚኮራ፣ ከእሱ በታች ያሉትን የሚንቅ፣ ነገር ቶሎ የማይገባው ሰው። ደራሲው ግን ይህን ነውር አሳምሮ ያውቀዋል። የሚያፈቅረውን ሰው የአደን ስፍራ ጠባቂ አድርጎ ፍቅሩን ከንቀቱ ጋር ያፋጥጠዋል። ፍጻሜው ደስታ ነው፤ ሆኖም ጠባቂው ወደ አርጀንቲና ሊሄድበት የነበረውን መርከብ ትቶ ይቀራል፣ ሞሪስ ሥራውንና ክብሩን ይተዋል። ፎርስተር መጽሐፉን በሕይወት ሳለ አላሳተመውም፤ የወጣው ከሞተ በኋላ በ1971 ነው። ያም ሆኖ ደስተኛ ፍጻሜውን አልለወጠም።

እርስዎ የገለጹትን ዓይነት ኖቬላ እኔም አንብቤያለሁ። ተራኪው ራሱ ዋናው ሰው ነው። የሚወደውን ሰው በወዳጆቹ ፊት እንደማያውቀው ሆኖ ያልፈዋል፤ ከዚያ የተጎዳው እሱ ይመስል ገጽ ሙሉ ያማርራል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ የመታወቅ ስጋት ለብዙዎች እውነተኛ ሸክም ነው። የማልቀበለው ደራሲው ያንን ፍርሃት ለጭካኔው ሁሉ ማስተባበያ ማድረጉን ነው። ተፈቃሪውስ? የራሱ ሕልም የለውም፣ ወዳጅ የለውም፣ አንድ ጊዜ እንኳን አይቆጣም። በሩ ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ ጃንጥላ ነው፤ ሲፈለግ ይነሣል። በመጨረሻዎቹ ገጾችም ማንም ይቅርታ ሳይጠይቀው ይቅር ይላል። እኔን ያሳዘነኝ እዚህ ላይ ነው፤ መጽሐፉ የሚያከብረው ከሁለቱ አፍቃሪዎች አንዱን ብቻ ነውና።

«ኖቬላ አጭር ስለሆነ ነው» የሚለውን ምክንያት አይቀበሉ። ለሳይንስ ልብ ወለድና ለፋንታሲ ሥራዎች የሚሰጠው የኔቡላ ሽልማት ኖቬላ የሚለው ከ17,500 ቃላት ጀምሮ 40,000 ያልደረሰውን ሥራ ነው። በዚያ መጠን አንድ ጥንድና አንድ ግጭት በደንብ ይያዛሉ፤ የእውነተኛ ይቅርታ ትዕይንትም አይጠበውም። ቦታ የሚጠፋው ሁለት ንግግር የሚፈታውን አለመግባባት ገጸ ባሕርያቱን ዝም በማሰኘት ሲጎትቱት ነው።

አስተያየትዎን ሲጽፉ «ያናድዳል» ብለው አይተዉት። የትኛው ድርጊት እንዳናደደዎት፣ መጽሐፉም ያንን ድርጊት እንደ ጥፋት አይቶት እንደሆነ ይግለጹ። ታሪኩ ብርቅ ነው ብለው ያልተገባ ውዳሴ አይጨምሩለት፤ ይህን ፍቅር በጥንቃቄ የሚጽፉ ደራስያን አሉ፣ አንባቢው እነሱን የሚለይበት መንገድ ያስፈልገዋል። ለሚቀጥለው ምርጫዎም እኔ የምጠቀምበትን ልንገርዎት፤ ግማሹን አንብቤ ተፈቃሪው ለራሱ የሚፈልገውን አንድ ነገር እንኳን ካልተናገረ መጽሐፉን አቆመዋለሁ።