“ከሕዝብ ካዝና አንድ ሳንቲም አይወጣም” ሲባል ምን ማለት ነው?

ጠያቂያችን ያነሡት ነገር ባጭሩ ይህ ነው፤ አሮጌው ድልድይ ተጨናንቋል፣ አዲሱ በመንግሥትና የግል አጋርነት ሊሠራ ታስቧል፣ ወጪው ከተሽከርካሪዎች በሚሰበሰብ የመተላለፊያ ክፍያ እንደሚሸፈንና “ከሕዝብ ካዝና አንድ ሳንቲም እንደማይወጣ” ተነግሯቸዋል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል ወይ? ክፍያውስ አንድ ቀን ያበቃል ወይ? ብለው ጠይቀዋል።

በመንግሥት በኩል ሆኜ የእንዲህ ዓይነት ውሎችን የገንዘብ ክፍል ስመረምር ረጅም ጊዜ ስለቆየሁ የማውቀውን ላካፍልዎት። የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በጣም ብዙ ተሽከርካሪ የሚሻገርበት ድልድይ ካልሆነ በቀር ብዙም አይገጥምም። ሁለተኛው ደግሞ ውሉ ላይ ከተጻፈው የዓመት ቁጥር ይልቅ በሌሎች አንቀጾች ላይ ይንጠለጠላል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። የድልድይን ዋጋ በመጨረሻ የሚከፍሉት ሁለት ወገኖች ብቻ ናቸው፤ የሚሻገረው ሰውና ግብር ከፋዩ። ባንኩ፣ ኩባንያው፣ ቦንድ ገዢው ገንዘቡን አስቀድመው ያቀርባሉ እንጂ አይከፍሉም። ያቀረቡትን ከነወለዱና ከነትርፉ ይወስዳሉ፤ ነውርም የለበትም፣ ሥራቸው ነው። ነውር የሚሆነው አበዳሪን እንደ ለጋሽ አድርጎ ለሕዝብ ማቅረብ ነው።

መንግሥት አብዛኛውን ጊዜ ከግል ኩባንያ ባነሰ ወለድ መበደር ይችላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በረጅም ዘመን ብድር ግን ትንሽ አይደለም። 100 ሚሊዮን በ5 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ተበድረው በየዓመቱ እኩል ቢከፍሉ፣ በጠቅላላው 195 ሚሊዮን ገደማ ይመልሳሉ። ወለዱ 10 በመቶ ከሆነ የሚመልሱት 318 ሚሊዮን ይደርሳል። ድልድዩ ያው አንድ ድልድይ ነው። እንግዲህ ከግል ባለሀብት ጋር መዋዋል ትርጉም የሚኖረው ለዚያ ተጨማሪ ወለድ ምላሽ የሚሆን ነገር ሲሰጠን ብቻ ነው። ያ ነገር ሥጋትን መሸከም ነው። ግንባታው ቢዘገይ፣ ወጪው ቢንር፣ የተገመተው ተሽከርካሪ ባይመጣ፣ ኪሳራው የእርሱ ይሁን ማለት ነው። ውሉ ሥጋቱን በአንዱ በር አስወጥቶ በሌላው በር ከመለሰው ግን ውድ ብድር ገዛን እንጂ ሌላ ያተረፍነው ነገር የለም።

ሥጋት በእርግጥ ወደ ባለሀብቱ ሲተላለፍ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጉ የሲድኒን የክሮስ ሲቲ መተላለፊያ ይመልከቱ። ድልድይ ሳይሆን ዋሻ ነው፤ የገንዘብ አሠራሩ ግን አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲከፈት በቀን 90 ሺህ ገደማ ተሽከርካሪ ይጠበቅ ነበር፤ የመጣው ግን ከዚያ አንድ ሦስተኛ አካባቢ ብቻ ነበር። በ2006 መጨረሻ ኩባንያው በአበዳሪዎቹ እጅ ወደቀ። ባለአክሲዮኖቹ ገንዘባቸውን አጡ፤ መንገዱ ግን ሥራውን ቀጠለ። ጋዜጦች “ውድቀት” ብለው ጻፉ። በእኔ ዓይን ከግብር ከፋዩ ወገን ሲታይ ውሉ የተዋዋሉበትን ሥራ ነው የሠራው።

በተቃራኒው ደቡብ ኮሪያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ለግል ባለሀብቶች የአነስተኛ ገቢ ዋስትና መስጠት ጀመረች። ገቢው ከትንበያው የተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ልዩነቱን መንግሥት ይሞላል ማለት ነው። የኢንቺዮን አየር ማረፊያ ፈጣን መንገድ በዚህ ዋስትና ከተሠሩት አንዱ ነው። ትንበያው ሳይደርስ በቀረ ቁጥር የመንግሥት በጀት ይከፍል ነበር፤ በመጨረሻም አሠራሩ በ2009 ቀረ። እንዲህ ያለ ዋስትና ሲኖር ትንበያውን ማጋነን ለተጫራቹ ትርፍ ሆኖ ይገኛል፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን የሚሞላለት ጣሪያም አብሮ ያድጋልና። “አንድ ሳንቲም አይወጣም” የተባለበት ድልድይ ከሳንቲም አልፎ በየዓመቱ የበጀት መስመር የሚጠይቀው በዚህ መንገድ ነው።

ስለ ትራፊክ ትንበያ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው፤ ብዙ ድልድይ የሚወድቀው ምሰሶው ሳይሆን እዚህ ላይ ነውና። ባለሙያው የዛሬውን ተሽከርካሪ ይቆጥራል፤ ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። ከዚያ የዕድገት መጠን ይመርጣል። በመክፈቻው ዓመት በቀን 20 ሺህ ይሻገራል ብንል፣ በዓመት 5 በመቶ ካደገ ከ30 ዓመት በኋላ ከ86 ሺህ ያልፋል። በ3 በመቶ ካደገ 48 ሺህ ተኩል ገደማ ላይ ይቆማል። በስሌቱ ሠንጠረዥ ውስጥ የተቀየረው አንድ ሳጥን ብቻ ነው፤ ትርፉ ግን ወደ ኪሳራ ይገለበጣል። በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ለሚኖረው ድልድይ የቀረበ ስሌት አይቻለሁ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ድልድዩ ሊያሳልፍ ከሚችለው በላይ ተሽከርካሪ ያሻግር ነበር። ወረቀቱ ላይ ገቢ አለ፣ አስፋልቱ ላይ ግን ቦታ የለም። ያንን ገጽ ያዘጋጁት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ ከእነርሱ የሚፈለገው መልስ ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር።

ሌላው የመክፈል ፈቃደኝነት የሚባለው ነው። “አዲስ ድልድይ ቢሠራ ትከፍላለህ?” ተብሎ የተጠየቀ ሾፌር “አዎ” ይላል፤ ድልድዩ እንዲሠራለት ይፈልጋላ! የጭነት መኪና ሾፌሮች ጉዳይ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ብዙዎቹ ለመንገድ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ከባለንብረቱ ተቀብለው ይወጣሉ፤ የተረፈው የእነርሱ ነው። ስለዚህ አንድ ሰዓት ቢያባክኑም በነፃው ድልድይ ይዞራሉ። ሰዓቱ የባለንብረቱ ነው፣ የተረፈው ገንዘብ ግን የሾፌሩ። ትንበያው ይህን ካላወቀ ከሁሉም በላይ የሚከፍሉትን ከባድ ተሽከርካሪዎች ቁጥር ያጋንናል።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የአሮጌው ድልድይ ዕጣ ፈንታ ነው። ባለሀብቱ በአጠገቡ ነፃ መተላለፊያ እንዲኖር አይወድም፤ እርሱ ቢወድ እንኳ አበዳሪዎቹ አይወዱም። ፍርሃታቸው መሠረት አለው። በአሜሪካዋ ቦስተን የቻርልስ ወንዝ ድልድይ ኩባንያ በ1785 ፈቃድ አግኝቶ ከሻጋሪዎች እያስከፈለ ሲኖር፣ በ1828 የግዛቱ ምክር ቤት በቅርብ ርቀት ለሌላ ድልድይ ፈቀደ፤ አዲሱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነፃ ሆነ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1837 ኩባንያው ተረታ። በፈቃዱ ላይ በግልጽ ያልተጻፈ የብቸኝነት መብት የለም ተባለ። የዛሬ ባለሀብት ታዲያ በግልጽ ያስጽፋል። የካሊፎርኒያው የስቴት መንገድ 91 የክፍያ መስመሮች በ1995 ሲከፈቱ በጎን ያለው ነፃ መንገድ እንዳይሰፋ የሚከለክል አንቀጽ ነበራቸው። መጨናነቁ ሲብስ ሕዝቡ መንገዱ ይስፋልን አለ፤ ውሉ ደግሞ አይቻልም አለ። መውጫው የተገኘው የአካባቢው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በ2003 መብቱን በ207.5 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ ነው። ስለዚህ “ተወዳዳሪ መተላለፊያ” የሚለው ሐረግ በውሉ ውስጥ እንዴት እንደተተረጎመ ይመልከቱ። ጀልባን ይጨምራል? አሮጌውን ድልድይ መጠገንንስ? በስንት ኪሎ ሜትር ውስጥ? ድርድር ላይ ጠበቆች ግማሽ ቀን የሚከራከሩበት ሐረግ ይህ ነው፤ በሕዝብ መድረክ ላይ ግን ሲጠቀስ ሰምቼ አላውቅም።

ምርጫ የሌለው ተጠቃሚ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። ከስኮትላንድ ዋና ምድር ወደ ስካይ ደሴት የሚወስደው ድልድይ በ1995 ሲከፈት በዚያው መሥመር ይሠራ የነበረው ጀልባ ቀረ። ነዋሪዎች ክፍያውን ተቃወሙ፤ አንከፍልም ያሉም ተከሰሱ። በመጨረሻ መንግሥት በ2004 ድልድዩን በ27 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶ ክፍያውን አስቀረ። ሊዝበን ውስጥ ደግሞ የአዲሱ ድልድይ፣ የቫስኮ ዳ ጋማ፣ ገንዘብ በከፊል ከአሮጌው ድልድይ በሚሰበሰብ ክፍያ ላይ ተመሠረተ። በ1994 የአሮጌው ታሪፍ ሲጨምር አሽከርካሪዎች ድልድዩን ዘጉት። ታሪፉ እንደታሰበው ሳይጨምር በመቅረቱ ባለመብቱን፣ ማለትም ድልድዩን የማስተዳደርና ክፍያ የመሰብሰብ መብት የያዘውን ኩባንያ፣ መካስ የመንግሥት ዕዳ ሆነ። ባለሥልጣናት ሕዝብ ሲቆጣ ታሪፍ ማገድ ዕዳው ገብስ ይመስላቸዋል፤ ሕዝቡን ያስደስታሉ፣ ካሳው ግን ማንም በማያየው የበጀት ርዕስ ይወጣል።

የውጭ ምንዛሬንም ሳልጠቅስ አልለፍ። ብድሩ በዶላር፣ ክፍያው በአገር ውስጥ ገንዘብ ከሆነ፣ የገንዘቡ ዋጋ ሲወርድ አንድ ሰው ልዩነቱን መሸከም አለበት። ታሪፉ ከምንዛሬው ጋር ከተሳሰረ ሻጋሪው ይሸከማል፤ መንግሥት ዋስ ከሆነ ግብር ከፋዩ። ከሁለቱ ውጭ የሚሆንበት ውል እምብዛም አይገኝም።

አሁን “መቼ ያበቃል” ወደሚለው። በብሪታንያ የቴምዝን ወንዝ ዳርትፎርድ ላይ የሚሻገረው ድልድይ በ1991 ተከፈተ። ውሉ ከ20 ዓመት እንዳያልፍ፣ ዕዳው ቀድሞ ከተከፈለ ደግሞ ቀድሞ እንዲያልቅ ተብሎ ነበር። ዕዳው በእርግጥ ቀድሞ ተከፈለ። መንግሥት ግን በ2003 ክፍያውን መጨናነቅን መቆጣጠሪያ ብሎ አስቀጠለው፤ ዛሬም ይከፈላል። እዚያው አገር የሴቨርን ድልድዮች ባለመብት የተወሰነ ጠቅላላ ገቢ እስኪሰበስብ ድረስ ነበር የተዋዋለው፤ ድልድዮቹ በ2018 መጀመሪያ ወደ መንግሥት ተመለሱ፣ ክፍያውም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ቀረ። እኔ ይህን ዓይነቱን ውል እመርጣለሁ። ቺሊም በ1998 የሳንቲያጎ–ቫልፓራይሶን መንገድ በዚህ መርሕ አጫረተች፤ አነስተኛውን ጠቅላላ ገቢ የጠየቀ ያሸንፋል፣ ተሽከርካሪ ከበዛ ውሉ ቶሎ ያልቃል፣ ካነሰ ይረዝማል። ትንበያን የማጋነን ጥቅሙም አብሮ ይቀንሳል።

የግል አጋር ሳይኖርም በክፍያ ብቻ ድልድይ መሥራት እንደሚቻል አይዘንጉ። የሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት የተሠራው በአካባቢው ነዋሪዎች ፈቃድ በ1930 በጸደቀ የ35 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ነው፤ ንብረታቸውን መያዣ አድርገው ነው የመረጡት። በ1937 ተከፈተ፣ የቦንዱ ዕዳ በ1971 ከክፍያ ገቢ ተጠናቀቀ። ክፍያው ለጥገናና ለሕዝብ ትራንስፖርት እስከ ዛሬ ቀጥሏል። አንድ ትልቅ ድልድይ ዕዳው ካለቀ በኋላም ቀለም፣ የብረት ጥገናና የመሬት መንቀጥቀጥ መከላከያ ይፈልጋልና፣ “ዕዳው ሲያልቅ ነፃ ይሆናል” የሚል ሁሉ የጥገናውን ምንጭ አብሮ ሊናገር ይገባዋል።

አማራጭ አለ፤ መንግሥት ድልድዩ ለአገልግሎት ክፍት በሆነበት ልክ ለኩባንያው በየዓመቱ ይከፍላል፣ የሚሰበሰበው ክፍያ ደግሞ ወደ መንግሥት ይገባል። የካናዳው ኮንፌዴሬሽን ድልድይ በ1997 ሲከፈት ቅይጥ መንገድ ተከተለ፤ ፌዴራል መንግሥቱ ለጀልባ አገልግሎት ያወጣ የነበረውን ድጎማ ለ35 ዓመት ወደ ድልድዩ አዞረ፣ ኩባንያው ደግሞ ክፍያ ይሰበስባል። ቢያንስ ከካዝና ምን ያህል እንደሚወጣ ከመጀመሪያው በግልጽ ተቀምጧል።

እርስዎ አሁን ማድረግ የሚችሉት ውሉ ሳይፈረም የተወሰኑ ገጾችን መጠየቅ ነው። የሥጋት ክፍፍሉን ሠንጠረዥ፣ ከትንበያው ጋር ዝቅተኛውን ግምት፣ የታሪፍ ማስተካከያ ቀመሩን፣ ስለ ተወዳዳሪ መተላለፊያ የሚናገረውን አንቀጽ ይጠይቁ። ከሁሉም በፊት ግን ውሉ በመሃል ቢቋረጥ መንግሥት ምን እንደሚከፍል የሚናገረውን ክፍል ያስቀድሙ። ኩባንያው በራሱ ጥፋት ቢከስር እንኳ የባንክ ዕዳው በሙሉ በመንግሥት ይከፈላል የሚል ከሆነ፣ አበዳሪዎቹ ፕሮጀክቱን በጥንቃቄ የሚመረምሩበት ምክንያት አይኖራቸውም፤ ትንበያውን የሚፈትሽም ሌላ ወገን አይኖርም። “ምስጢር ነው” ከተባሉ የኩባንያውን ዋጋ ዝርዝር መደበቅ ይቻል ይሆናል፤ መንግሥት የገባውን ዋስትና ግን ምክር ቤቱ ሳያውቀው ሊፈረም አይገባም፤ ጥያቄዎን በተወካይዎ በኩል በጽሑፍ ያቅርቡ።